የጨረር መለኪያዎችን ስንቀይር የምንሠራቸው ስህተቶች

ደሴ ላይ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የኒውክለር ምዕራፍ በደረሰ ቁጥር ሰሌዳ ላይ የማያቸው ስህተቶች ያው ናቸው። ልጆቹ ማባዛት አቅቷቸው አይደለም። መለኪያው ምን እንደሚለካ ሳይጠይቁ ወደ ቁጥሩ ስለሚሮጡ ነው።

ከሁሉም የሚብሰው ቤክሬልን በአንድ ቁጥር አባዝቶ ሲቨርት ለማድረግ መሞከር ነው። «ቲቸር፣ 1 ሚሊዮን ቤክሬል ስንት ሲቨርት ነው?» ይሉኛል። ጥያቄው እንደዚህ ብቻውን ከተጠየቀ መልስ የለውም። ቤክሬል የሚቆጥረው በ1 ሰከንድ ስንት ኒውክለስ (የአቶም እምብርት) እንደሚፈርስ ነው። ሲቨርት የሚለካው ደግሞ ጨረሩ ሰው አካል ላይ ያደረሰውን ጫና ነው። በደሴ ብርድ ማታ ከሰል አያይዘን ስንሞቅ አስቡት። ምድጃው ውስጥ ያለው ፍም ለሁላችንም አንድ ነው። አጠገቡ የተቀመጠውን ይለበልበዋል፤ በሩ ጋ ያለው ጋቢውን ይደርባል። አሁን የገባውና ከመሸ ጀምሮ ሲሞቅ የነበረውም እኩል አይደሉም። ፍሙን ቆጥሮ «አንተ ይህን ያህል ሞቀሃል» ማለት አይቻልም። ቤክሬልም እንደዚያው ነው። ርቀቱ፣ የቆየንበት ጊዜ፣ የንጥረ ነገሩ ዓይነት፣ በመሀል ያለው ከለላ፣ ወደ ሰውነት ገብቶ እንደሆነም መታወቅ አለበት።

ቀጥሎ የኪዩሪ ነገር አለ። ኪዩሪ የድሮው መለኪያ ነው፤ መነሻውም የ1 ግራም ራዲየም ጨረራማነት ነበር። 1 ኪዩሪ 37 ጊጋቤክሬል፣ ማለትም 37 ቢሊዮን ቤክሬል ነው። 37ን ሁሉም ያስታውሳታል፤ የሚጠፋባቸው ከእሷ ቀጥሎ የሚመጣው ጊጋ፣ ሜጋ ወይም ኪሎ የሚለው ቅጥያ ነው። ባለፈው አንድ ጎበዝ ተማሪዬ 5 ማይክሮኪዩሪን 185 ሜጋቤክሬል ብሎ ጻፈ። 5 በ37 ሲባዛ 185 መሆኑ ልክ ነው። ግን ትክክለኛው መልስ 185 ኪሎቤክሬል ነበር። በ1,000 እጥፍ ተሳሳተ ማለት ነው። ስለዚህ ሒሳቡን ከመጀመራችሁ በፊት መሰላሉን ደብተራችሁ ጠርዝ ላይ ጻፉት፦ ሚሊኪዩሪ 37 ሜጋቤክሬል፣ ማይክሮኪዩሪ 37 ኪሎቤክሬል፣ ናኖኪዩሪ 37 ቤክሬል። በምልክት ስትጽፉም ትንሿ ኤም ሚሊ፣ ትልቋ ኤም ሜጋ መሆኗን አትርሱ። በሁለቱ መካከል የ1 ቢሊዮን እጥፍ ልዩነት አለ።

ማካፈል ሲገባ ማባዛትም አለ። ኩንታልን ወደ ኪሎ ስንቀይር ቁጥሩ እንደሚያድግ ማንም ነጋዴ ያውቃል። ቤክሬል በጣም ትንሽ መለኪያ ስለሆነ በቤክሬል የሚጻፈው ቁጥር ሁልጊዜ ትልቅ ነው። የአንድ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ ባለው ተፈጥሯዊ ፖታሲየም ብቻ ወደ 4,000 ቤክሬል ገደማ ይገኛል። በኪዩሪ ሲጻፍ ግን ከማይክሮኪዩሪ አንድ አሥረኛ ብዙም አይበልጥም። 4,000 ሲሰሙ የሚደነግጡ ልጆች ይህን ሲያዩ ይረጋጋሉ።

ቀንና ሰዓት መርሳት ሌላው ነው። ሆስፒታሎች ለምርመራ የሚጠቀሙበት ቴክኒሺየም 99ኤም የተባለው ጨረራማ ንጥረ ነገር በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ጠዋት 20 ሚሊኪዩሪ፣ ማለትም 740 ሜጋቤክሬል የነበረው 12 ሰዓታት ካለፉ በኋላ 185 ሜጋቤክሬል ነው። ቅየራው ልክ ሆኖ መልሱ ስህተት የሚሆነው እንዲህ ነው። መለያው ላይ ያለው ቁጥር የተለካበትን ሰዓት ሳታዩ አትነሱ።

ሬምና ራድ የተባሉት የድሮ መለኪያዎች ቀላል ናቸው፤ 100 ሬም 1 ሲቨርት፣ 100 ራድ 1 ግሬይ ነው። ግሬይና ሲቨርትን አንድ ማድረግ ግን አይገባም፤ ግሬይ የሚለካው አካል ከጨረሩ የወሰደውን ኃይል ብቻ ነው። ለኤክስሬይና ለጋማ ጨረር የሁለቱ ቁጥር ይገጥማል። ለአልፋ ጨረር ግን ሲቨርት ለማግኘት ግሬዩ በ20 ይባዛል።

«በሰዓት» የምትለዋን ቃል መጣልም ብዙ ሰው ያሳስታል። የጨረር መለኪያ መሣሪያ በሰዓት 0.15 ማይክሮሲቨርት ቢያሳይ፣ አንድ ሰው ከተፈጥሮ ጨረር በዓመት ከሚያገኘው የዓለም አማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ጋር ዝም ብሎ አይወዳደርም። መጀመሪያ በ8,760 ሰዓት አባዙት፤ 1.3 ሚሊሲቨርት ገደማ ይመጣል። ደሴ ከኮምቦልቻ ከፍ ስለምትል ከጠፈር የሚመጣው ጨረር እሷ ጋ ጠንከር ይላል። ሁለቱን ከተሞች ስታወዳድሩም ሁለቱንም በሰዓት ወይም ሁለቱንም በዓመት አድርጉ።

በመጨረሻ፣ ጨረርን የሚቆጥረው የጋይገር መሣሪያ ቆጠራ ቤክሬል አይደለም። በደቂቃ 600 ቢቆጥር መጀመሪያ ለ60 አካፍሉ፤ በሰከንድ 10 ይሆናል። መሣሪያው ከሚፈርሱት 10 በመቶውን ብቻ የሚይዝ ከሆነ ትክክለኛው 100 ቤክሬል ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ምንጩን አርቃችሁ ባዶውን ክፍል ቁጠሩ፤ ያንን ከ600ው ቀንሳችሁ ጀምሩ።