ፊልም የሚቀደደው መብራቱ ሳይበራ ነው፦ በድሮ ሲኒማ ማሽን ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በካርቦን መብራት (በሁለት የካርቦን ዘንጎች መካከል በሚነሣ የኤሌክትሪክ ነበልባል) በሚሠሩ የ35 ሚሊ ሜትር ፕሮጀክተሮች ላይ አብዛኛው ጉዳት የሚጀምረው ፊልሙ ወደ ማሽኑ ሲገባ ነው። ሸራው ላይ የሚታየው መንቀጥቀጥ፣ ጭረትና የተዛባ ድምፅ ኋላ የሚመጣ ውጤት ነው።

ቅስቱን ማሳነስ። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ፊልሙ ከላይኛው ጥቅል የሚወርደው ሳያቋርጥ ነው፤ መብራቱ በሚያልፍበት መስኮት ላይ ግን በሰከንድ 24 ጊዜ እየቆመ ይሳባል። ሁለቱን አካሄድ የሚያስታርቀው ከመስኮቱ በላይና በታች ላላ ተደርጎ የሚተወው የፊልም ቅስት ነው። ካነሰ፣ የማልታ መስቀል የሚባለው መሳቢያ በጎተተ ቁጥር የጎን ቀዳዳዎቹን ይተረትራል። ከበዛ ደግሞ ፊልሙ የማሽኑን አካል እየነካ ይጫጫራል። ስለዚህ ፊልሙን እንዳስገቡ ሞተሩን አያስነሡ። በእጅ ማዞሪያው መሳቢያው ደጋግሞ እስኪስብ ያሽከርክሩ፤ ቅስቶቹ ሳይወጠሩም ምንም ሳይነኩም መንቀሳቀሳቸውን ይመልከቱ። ማሳየቱ ከተጀመረ በኋላ ምስሉ ቁልቁል መፍሰስ ከጀመረና ማሽኑ ከተንጣጣ ቅስቱ ጠፍቷል ማለት ነው። ጥቅሉ እስኪያልቅ መጠበቅ የፊልሙን ቀዳዳ መጨረስ ነው።

የታችኛው ቅስት ሌላም ጣጣ አለው። ድምፁ የሚነበበው ከመስኮቱ በታች ስለሆነ፣ ፊልሙ ላይ የታተመው ከምስሉ 20 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ቀድሞ ነው። ቅስቱ ሲዛባ ይህ ርቀት አብሮ ይዛባና ድምፁ ከተዋናዩ ከንፈር ጋር አይገጥምም። ብዙዎች ማጉያውን መፍታት ይጀምራሉ፤ መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን ቅስቱ ነው።

ፊቱን ማገላበጥ። ደብዛዛው ፊት ወደ መብራቱ፣ የሚያብረቀርቀው ወደ ሌንሱ፤ ምስሉም ተዘቅዝቆ። እያንዳንዱ ፍሬም 4 ቀዳዳ ስላለው፣ በአንድ ቀዳዳ ስተው ካስገቡት ሸራው ላይ የአንዱ ፍሬም እግር ከሌላው ራስ በላይ ይታያል።

ድምፅ አልባ ፊልምን በሰከንድ 24 ፍሬም ማጫወት። እነዚህ ፊልሞች አንድ ወጥ ፍጥነት አልነበራቸውም፤ በ16 ፍሬም የተቀረጸው በ24 ሲጫወት ሰዉ ሁሉ የሚሮጥ ይመስላል። ፍጥነቱን መቀነስ ብቻውን ግን አይበቃም። በብርሃኑ ፊት የሚዞረው ባለ 2 ክንፍ መከለያ በ24 ፍሬም ብርሃኑን በሰከንድ 48 ጊዜ ይቆርጣል፤ በ16 ፍሬም 32 ጊዜ ብቻ ስለሚሆን ዓይን የሚያደክም ብልጭታ ይመጣል። ባለ 3 ክንፍ ሲገጠም 48ቱ ይመለሳል።

መስኮቱን በብረት መፋቅ። አዲስ ኮፒ የሚተወው ቅሪት መስኮቱ ላይ ሲጠነክር ፊልሙን ይቧጭራል። በእንጨት ይፋቁት፤ ብረት የሚተወው ጭረት ከዚያ በኋላ በሚያልፈው ፊልም ሁሉ ላይ መስመር ያሰምራል።

ናይትሬትን፣ በቀላሉ የሚቀጣጠለውን የድሮ ፊልም ዓይነት፣ እንደ ተራ ፊልም መያዝ። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጀመሪያ በፊት የተመረተ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ካጋጠመዎት፣ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ናይትሬት ነው ብለው ይያዙት። ሲቃጠል ኦክሲጅኑን ከራሱ ስለሚያወጣ ውኃ ውስጥ ሳይቀር ይነዳል። ለእሱ ተብሎ ከተሠራ ክፍልና ማሽን ውጪ ፈጽሞ አይጫወት። ጥፋቱ ግን የፊልሙ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፦ እ.ኤ.አ. በ1897 ፓሪስ ውስጥ ባዛር ደ ላ ሻሪቴ በተባለው የበጎ አድራጎት ባዛር ከ120 በላይ ሰው የፈጀው እሳት የተነሣው በኤተር (በቀላሉ በሚነድ ፈሳሽ) ከሚሠራው የፕሮጀክተሩ መብራት ነበር። ለየትኛውም ፊልም ቢሆን ማሽኑን ሲያቆሙ መጀመሪያ የብርሃኑን መዝጊያ ይዝጉ፣ ከዚያ ሞተሩን ያጥፉ። ማሽኑ ሲዘገይ በራሱ የሚወድቀውን የእሳት መከላከያ መብራቱ ሳይበራ ይሞክሩት። እንዳይወድቅ በሽቦ ማሰር ይቅር የማይባል ስህተት ነው።

ካርቦኑን ከጥቅሉ ጋር አለማመዛዘን። 2,000 ጫማ ጥቅል በ24 ፍሬም 22 ደቂቃ ያህል ይሄዳል። የቀረው ካርቦን ያን ያህል የማይቆይ ከሆነ ከመጀመርዎ በፊት ይለውጡት። ዘንጎቹን አነካክተው ካለያዩ በኋላ ብርሃኑ ሳይረጋ መዝጊያውን አይክፈቱ፤ ክፍተቱ ሲሰፋ እንዳይጠፋ እየተከታተሉ ያቀራርቡ። ነበልባሉን የሚያዩት በጥቁር መስታወት ብቻ ይሁን፤ ጭሱም በጭስ ማውጫው ይውጣ።

የራስን ምልክት መጫር። በላይኛው ቀኝ ጥግ ብልጭ የሚሉት ነጥቦች አንዱ ጥቅል ሲያልቅ ወደ ሁለተኛው ማሽን ለመቀየር የታተሙ ናቸው፦ በመጀመሪያው ነጥብ የሁለተኛው ማሽን ሞተር ይነሣል፣ ከ8 ሰከንድ ያህል በኋላ በሚመጣው ምስሉ ይቀየራል። ነጥቡ ያመለጠው ኦፕሬተር በምስማር ሌላ ሲጭር፣ ቀጣዩ ደግሞ የራሱን ሲጨምር፣ የጥቅሉ መጨረሻ በጭረት ይሞላል።