የህንድ ቡፌ ቤት ውስጥ ሲደገስ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የህንድ ምግብ ለድግስ ይመቻል። እርዱ፣ ከሙኑ፣ ድምብላሉ፣ አብሹ ጓዳችን ውስጥ አለ። ከሁሉም የምወድለት ግን ጿሚውን፣ ሙስሊሙን፣ ክርስቲያኑንና ጭራሽ ሥጋ የማይቀምሰውን በአንድ ገበታ ማስተናገድ መቻሉ ነው። ይህ እንዲሳካ ከታች ያሉትን ስህተቶች ማስወገድ ያስፈልጋል።

ምግቡን ከወሰኑ በኋላ ስለ እንግዳው ማሰብ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። መጀመሪያ ማን እንደሚመጣ ይወቁ። ብዙ ሂንዱዎች የበሬ ሥጋ አይበሉም። የጄይን እምነት ተከታዮች ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የማይነኩ ብዙ ናቸው። እኛም ጋ የክርስቲያን ሥጋና የእስላም ሥጋ እንደሚለያይ የታወቀ ነው። እኔ ብሆን ሥጋውን እተወዋለሁ። ሽምብራው ቾሌ፣ ምስሩ ዳል፣ ድንችና አበባ ጎመኑ አሉ ጎቢ እያለ ገበታው ጎደለ የሚል አይኖርም።

ሥጋ የሌለበት ሁሉ ግን የጾም አይደለም። «ጊ» የሚሉት ንጥር ቅቤ ነው፤ ፓኒር አይብ ነው፤ ራይታ እርጎ ነው። ናን በሚሉት ቂጣ ሊጥ ውስጥም ብዙ ጊዜ እርጎ ወይም ወተት ይገባል። ስለዚህ ወጦቹን በሙሉ በዘይት ይሥሩ። ቅቤ ያለበት የሚፈልግ ካለ ከዳሉ ቀንሰው በሌላ ድስት ጊ ይጨምሩበት። ከዚያ የጾሙን በአንድ ጫፍ፣ የፍስኩን በሌላው ጫፍ ያስቀምጡ፤ በትንሽ ወረቀት ይጻፉበት፤ ለየድስቱ የራሱን ጭልፋ ይስጡት። ጿሚ እንግዳ ሳህኑን ይዞ ድስት በድስት እየዞረ «ይሄ ቅቤ አለበት?» እያለ መጠየቅ የለበትም። ጭልፋው ከራይታው ወደ ዳሉ ከዞረ ደግሞ ያ ሁሉ ጥንቃቄ ገደል ገባ ማለት ነው።

ለሁሉም ድስት አንድ ዓይነት ቁሌት

ሽንኩርትና ቲማቲም በአንድ ትልቅ ድስት አቁላልቶ፣ የካሪ ዱቄት ነስንሶ፣ ለአራት ወጥ ማካፈል ድካም ይቀንሳል። ውጤቱ ግን አራት ስም ያለው አንድ ወጥ ነው። ቾሌው በተምር ሂንዲ ወይም በሎሚ ኮምጠጥ ይበል። አሉ ጎቢው ደረቅ ይሁን፤ መረቅ አያስፈልገውም። ዳሉን ቅመም ሳያበዙ ቀቅለው መጨረሻ ላይ ታድካ ያፍስሱበት። ታድካ ማለት ዘይት አግሎ ሙሉ ከሙን መጨመር ነው። ከሙኑ በሰከንዶች ውስጥ ይንጣጣል፤ ያኔ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርትና ደረቅ ቃሪያ ይግባ፤ ነጭ ሽንኩርቱ ወርቃማ ሲሆን ወዲያው ዳሉ ላይ ይገልበጥ። ትንሽ ከዘገዩ ከሙኑ ጠቁሮ ይመራል፤ ያን ጊዜ ደፍቶ እንደገና መጀመር ይሻላል።

ጋራም ማሳላን እንደ እኛ መከለሻ ይቁጠሩት፤ ድስቱ ሊወጣ ሲል ነው የሚገባው። ሄል በሚለው ቦታ ኮረሪማ አይተኩ፤ ሽታቸው ይለያያል። በርበሬ ማብዛትም አያስፈልግም፤ ቃሪያውንና አቻር የሚሉትን በቅመም የተዘፈዘፈ አትክልት ለብቻ ያቅርቡ፣ የፈለገ ይጨምራል።

ቀይ ቦሎቄን እንደ ምስር ማየት

ራጅማ የሚሉትን የቀይ ቦሎቄ ወጥ የሚሠራ ሰው ይህን ልብ ይበል። ቀይ ቦሎቄ በደንብ ካልበሰለ ኃይለኛ ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣ መርዛማ ነገር አለው። ቢያንስ ለ5 ሰዓት ዘፍዝፈው ውኃውን ይድፉ። በአዲስ ውኃ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ክፉኛ ያንተክትኩት፤ ከዚያ እስኪለሰልስ በቀስታ ይብሰል። በዝግታ በሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ከጥሬው አይጀምሩት፤ ሙቀቱ መርዙን ላያጠፋው ይችላል።

ሩዙን ማማሰል

ባስማቲን ውኃው እስኪጠራ አጥበው ለ30 ደቂቃ ይዘፍዝፉት። ጨው ባለበት ብዙ ውኃ እንደ ፓስታ ይቀቅሉትና መሃሉ ገና ጠንከር እንዳለ ያጥልሉት። ቀሪውን በዝግ እሳት፣ ክዳኑን ግጥም አድርገው፣ በእንፋሎት ይጨርስ። በመሃል ከፍተው አያማስሉ፤ ይሰባበራል። ሲያወጡም ከጎን በኩል በዝርግ ጭልፋ ያንሱ። ብዙ ዓይነት ወጥ ካለ አንድ ኪሎ ደረቅ ሩዝ ለ12 ሰው ያህል ይበቃል።

ሁሉንም በአንድ ቀን መሥራት

ቾሌ፣ ራጅማና ዳል አድረው ይጥማሉ፤ ዋዜማውን ይሥሯቸውና ቀዝቅዘው ፍሪጅ ይግቡ። ሩዝ፣ ቻፓቲ የሚሉት ስስ ቂጣና ራይታ የዕለቱ ናቸው። የራይታውን ኪያር ፈቅፍቀው ውኃውን ይጭመቁት፤ ጨውም ሊቀርብ ሲል ይጨመር፤ አለዚያ ይቀጥናል። ታንዱር የሚባለው የሸክላ ምድጃ ከሌለ ከናን ጋር አይታገሉ። ቻፓቲ በምጣድ ጋግረው በንጹሕ ጨርቅ ይጠቅልሉ።

ምግቡን ጠረጴዛ ላይ ማዋል

ትኩሱ ምግብ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መቆየት አለበት። ማሞቂያ ከሌለ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ በተለይ ሩዙ። ሲቀቀል የማይሞቱ ባክቴሪያዎች አሉበት፤ ለብ ብሎ ሲቀመጥ ይራባሉ። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ እያወጡ ይተኩ። ባዶ ሳህን ላይ አዲስ ያቅርቡ እንጂ በአሮጌው ላይ አይደርቡ።

ሻይ ላይም ብዙ ሰው ይረሳል። ማሳላ ሻይ ከወተት ጋር ነው የሚፈላው። ዝንጅብሉን፣ ሄሉንና ቀረፋውን ከሻይ ቅጠሉ ጋር በውኃ አፍልተው መጀመሪያ የጿሚውን ይቅዱ፤ ወተቱን በቀረው ላይ ይጨምሩ።