ዝቃጩ ለምን አልወርድ አለ?

ኮምቦልቻ ፍሳሽ ማጣሪያ ላይ የምትሠሩ ልጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «ማዝቀጫ ገንዳው ዝቃጭ እያመለጠው ነው፤ አልሙን እንጨምር?» አልሙኑን፣ ማለትም ቆሻሻን አጓጉሎ የሚያዘቅጠውን ኬሚካል፣ ተዉትና መጀመሪያ የአንድ ሊትር መለኪያ ሲሊንደር አምጡ። የሚያመልጠው ዝቃጭ፣ ማለትም ቆሻሻውን የሚበላው የባክቴሪያ ክምችት፣ ማረፊያው ቦርከና ወንዝ ነው። ከታች በከሚሴ በኩል በዚያ ውሃ የሚያለማ ገበሬ አለ።

ናሙናውን ከአየር መስጫው ገንዳ መውጫ ቅዱ። ጥላ ላይ አስቀምጡትና 30 ደቂቃ አትንኩት።

ዝቃጩ ከግማሽ በላይ ይዞ ከቀረ፣ ከላዩ ያለው ውሃ ግን ጥርት ካለ፣ ሌላ ናሙና ወስዳችሁ በተጣራ ውሃ እኩል ለእኩል አቅጥኑት። አሁን ቶሎ ከወረደ ችግሩ ብዛት ነው፤ ትርፉን ዝቃጭ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አስወግዱ። ያኔም ካልወረደ ክር መሰል ባክቴሪያ በዝቷል ማለት ነው። እኛ ከተማ ይህ አይገርምም። የጨርቃ ጨርቅና የቢራ ፍሳሽ ካርቦን ይበዛዋል፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያንሰዋል። ልኩ ለ100 ቢኦዲ (ባክቴሪያው ቆሻሻውን ሲበላ የሚፈጀው ኦክስጅን) 5 ናይትሮጅንና 1 ፎስፈረስ ነው። የሚወጣውን ውሃ አስመርምሩ። አሞኒያውና ፎስፌቱ ዜሮ አካባቢ ከሆነ ዩሪያና ዳፕ ማዳበሪያ በውሃ አሟሙታችሁ በትንሽ በትንሹ ጨምሩ። ዝም ብሎ መድፋት ግን ወንዙን መበከል ነው። ኦክስጅኑንም እዩት፤ በሊትር 2 ሚሊግራም አካባቢ ይሁን።

በ30 ደቂቃ ጥሩ አድርጎ ከወረደ ሲሊንደሩን ቶሎ አትድፉት። አንድ ሁለት ሰዓት ቆዩ። ከታች የተኛው ዝቃጭ እንደ ቂጣ ተሰንጥቆ ብድግ ሊል ይችላል። በእንጨት ነካ ስታደርጉት አረፋው ይለቀቅና ተመልሶ ይሰምጣል። ያ ናይትሮጅን ጋዝ ነው፤ ዝቃጩ ታች ብዙ ተኝቷል። ዝቃጩን ወደ አየር መስጫው ገንዳ የሚመልሰውን ፓምፕ ከፍ አድርጉ። የማዝቀጫ ገንዳውን ታች የሚጠርገው ክንድ እየዞረ መሆኑንም በዓይናችሁ አረጋግጡ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሞተሩ ሳይነሳ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ሲሊንደሩ ውስጥ ሁሉም ደህና ሆኖ ገንዳው ብቻ ካስቸገረ ጥፋቱ ባክቴሪያው ላይ አይደለም። ማቅለሚያው ክፍል ትኩስ ውሃ በአንድ ጊዜ ለቆ ይሆናል። ትኩሱ ከላይ ከላይ ተንሳፎ ሳይዘቅጥ ይወጣል፤ ከመግቢያው በፊት ባለው ማጠራቀሚያ አቆዩት፣ ቀዝቅዞ በልክ ይግባ። ከዚያ ውሃ ልክ ይዛችሁ የመውጫውን ጠርዝ ዙሩት። አንዱ ጎን ዝቅ ካለ ውሃው ሁሉ በዚያ ይሮጣል። ብሎኑን ፈታ አድርጋችሁ ጠርዙን አስተካክሉ፣ አረንጓዴውንም አልጌ በብሩሽ ፈግፍጉ።