የተጎታች ካምፐርን ኤሲ አንስቶ ቦታውን ለዕቃ ማስቀመጫ ማዋል

ከአዲስ አበባ ወጣ ብለው በሱሉልታ፣ በሰንዳፋ ወይም በሆለታ አካባቢ በግቢያቸው አነስተኛ ተጎታች ካምፐር (በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ቤት) ያቆሙ ሰዎች፣ ኤሲው (የአየር ማቀዝቀዣው) ከዓመት እስከ ዓመት ሳይበራ ምርጡን ቦታ ይዞ እንደሚቀመጥ ያውቁታል። ከተማዋ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ከፍ ስለምትል፣ እዚህ ሰውን የሚያስቸግረው የሌሊቱ ብርድ እንጂ የቀኑ ሙቀት አይደለም። ከአሜሪካ በመጣ ተጎታች ላይ ያለ ኤሲ ከሆነ ደግሞ በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ እንዲሠራ የተሠራ በመሆኑ፣ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ በሆነው መስመራችን ላይ በቀጥታ ሊሰካ አይችልም። ጉዞው ወደ ወንጪ፣ ወደ መናገሻ ሱባ ደን ወይም ወደ ደብረ ሊባኖስ ለሆነ ሰው ኤሲውን ማንሳት ያለ ማመንታት የምመክረው ሥራ ነው፤ ዘወትር ወደ አዋሽ የሚወርድ ሰው ግን ባይነካው ይሻለዋል።

እዚህ የምናገረው በቁም ሣጥን ውስጥ ወይም ከአልጋ ሥር ተገጥሞ ጀርባው በግድግዳው በኩል ወደ ውጭ ስለሚተነፍሰው፣ ሁሉም ክፍሉ በአንድ ሣጥን ውስጥ ስለተጠቃለለው የመስኮት ዓይነት ኤሲ ነው። ጣሪያ ላይ የተቀመጠውን ማንሳት በውስጥ በኩል የሚያስገኘው ቦታ እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ ለዕቃ ማስቀመጫ ተብሎ የሚደከምበት አይደለም። ኤሲው ለሁለት ተከፍሎ በመዳብ ቱቦ የተያያዘ ከሆነ ደግሞ ጋዙን በማሽን ስቦ የሚሰበስብ ባለሙያ ሳይጠራ ቱቦው መፈታትም መቆረጥም የለበትም።

ኤሲውን ማውጣት በግማሽ ቀን የሚያልቅ ቀላል ሥራ ነው። ከባዱና ሙሉ ትኩረት የሚፈልገው ሥራ ኤሲው የሚተወውን ቀዳዳ ውኃ እንዳያስገባ አድርጎ መድፈን ነው፤ በሚገባ ያልተደፈነ ቀዳዳ በአንድ ክረምት ግድግዳውን ሊያበሰብስ ይችላል። ስለዚህ ሥራውን በኅዳር ወይም በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ወቅት መጀመር ይገባል። በእነዚህ ወራት ጠዋት ላይ የሚያድረው ጤዛ ማጣበቂያውን እንዳይዝ ስለሚያደርገው፣ የመድፈኑን ሥራ ረፋዱ ላይ፣ ከአራት ሰዓት በኋላ ግድግዳው ሲደርቅ መሥራት ይመረጣል።

በመጀመሪያ ተጎታቹን ከውጭ የኤሌክትሪክ መስመር ይንቀሉት፤ የባትሪውን ኔጌቲቭ ጫፍ ይፍቱ፤ የጋዝ ሲሊንደሩንም ይዝጉ። ጎማዎቹን በድንጋይ ወይም በታኮ ካስያዙ በኋላ የኤሲውን ብሬከር ያጥፉና ሽቦዎቹ ላይ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በቴስተር ያረጋግጡ። ኤሲው በሶኬት የሚሠራ ከሆነ መንቀሉ ብቻ ይበቃል። በቀጥታ የተያያዘ ከሆነ ግን ሽቦውን በኤሲው በኩል ብቻ ሳይሆን በብሬከሩም በኩል መፍታት፣ ሁለቱንም ጫፎች ለየብቻ በኮኔክተር ማሰር፣ ከዚያም ክዳን ባለው ስካቶላ ውስጥ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በፕላስተር ብቻ ተጠቅልሎ ከዕቃ ጀርባ የተተወ ሽቦ አንድ ቀን አንድ ሰው በስሕተት ብሬከሩን ሲያበራ የእሳት ምክንያት ሊሆን ይችላል። የኤሲውን የራሱን ሣጥን መክፈት አያስፈልግም፤ በውስጡ ያለው ካፓሲተር ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠም በኋላ ሰውን የሚጎዳ ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ከዚያ በኋላ በውጭ በኩል ያለውን ወንፊታማ ሽፋን ይፍቱ፤ የውኃ መውረጃ ቱቦ ካለውም ይንቀሉ። ዙሪያውን የያዘውን የደረቀ ሲልከን በቀጭን ቢላዋ ቀስ ብለው ይቁረጡ እንጂ በካቻቪቴ አይፈልቅቁት፤ የተጎታች ግድግዳ ስስ ስለሆነ በቀላሉ ይጎብጣል። 5,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ) የሚባለው ትንሹ ኤሲ እንኳ ወደ 20 ኪሎ ስለሚጠጋ አንድ ሰው ከውስጥ፣ ሌላው ከውጭ ሆነው፣ ከሥሩ ጣውላ አስገብተው፣ ሳያዘነብሉ ሊያወጡት ይገባል። ከኋላው የሚታየው የአሉሚኒየም ክንፍ እንደ ምላጭ ስለሚቆርጥ ወፍራም ጓንት ያድርጉ፤ የመዳብ ቱቦውንም እጀታ አድርገው አይያዙ።

ቦታው ባዶ ሲሆን ወዲያው ለመድፈን አይቸኩሉ። የወለሉንና የግድግዳውን እንጨት በካቻቪቴ ጫፍ እየወጉ ይመርምሩ፤ ጤነኛ እንጨት ጫፉን አያስገባም፣ የበሰበሰው ግን እንደ እርጥብ ዳቦ ይቀበለዋል። ለዓመታት ውኃ ሲንጠባጠብ የኖረበት ጥግ ጠቁሮ ከተገኘ ያንን ክፍል ቆርጦ ማውጣት፣ የቀረውን ማድረቅ፣ ከዚያም አዲስ የሞራሌ ፍሬም በቀዳዳው ዙሪያ መምታት ግድ ነው።

መድፈኛው ውፍረቱ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ከቀዳዳው በየአቅጣጫው 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር የሚተርፍ የአሉሚኒየም ላሜራ ቢሆን ጥሩ ነው። ግድግዳውን በአልኮል ጠርገው፣ በላሜራው ጠርዝ ዙሪያ የቡቲል ቴፕ (ውኃ የማያሳልፍ፣ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ማጣበቂያ) ሳያቋርጡ ለጥፈው፣ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ በአሉሚኒየም ሪቬት ያስሩት። የብረት ሪቬት ርካሽ ቢሆንም ከአሉሚኒየም ጋር በእርጥበት ሲገናኝ አሉሚኒየሙን ስለሚበላው አልመክረውም። በመጨረሻ ጠርዙን በፖሊዩሪቴን ማሸጊያ ይዝጉ፤ ሲልከን ቀለም አይቀበልም፣ ሲያረጅም በላዩ ላይ አዲስ ነገር አይጣበቅበትም። ብዙ ሰው በላሜራው ፋንታ ከውጭ የሚከፈት በር መሥራት ያምረዋል፤ እኔ ግን የሰኔና የሐምሌን ዝናብ እያሰብኩ ድፍኑን እመርጣለሁ።

ከውስጥ ላሜራው ላይ ፎም ሞልተው በ6 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ከመሸፈንዎ በፊት በውኃ ይፈትኑት። አንድ ሰው በጎማ ውኃ ከታችኛው ጠርዝ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ላይ እየጨመረ ያፍስስ፤ ሌላው በውስጥ ሆኖ በሶፍት ጠርዙን ይዳስስ። ከላይ ከተጀመረ ውኃው ሁሉንም ስለሚያረጥበው የሚያስገባውን ቦታ ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

በዚህ ሥራ ውስጥ ከሕይወት ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር አለ። ቀዳዳው ሲደፈን ተጎታቹ ከበፊቱ ይልቅ የታሸገ ይሆናል፤ በሱሉልታ ብርድ ደግሞ ፍም ያለበትን የከሰል ምድጃ ወደ ውስጥ ማስገባት የሚያጓጓ ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ከሰል፣ ለቡናም ቢሆን፣ ውጭ ይቅር፤ በጋዝ ምድጃ የሚያበስሉ ከሆነም የላይኛውና የታችኛው አየር ማስገቢያ ፈጽሞ አይደፈን።

የተገኘው ቦታ ወርዱ 45፣ ቁመቱ 30፣ ጥልቀቱ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጋቢና ብርድ ልብስ፣ የዝናብ ልብስ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ጀበናና ሲኒ በሚገባ ይይዛል። በጉዞ ላይ እንዳይንሸራተቱ ከፊት ለፊቱ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያላት ጣውላ ይምቱበት። ኤሲው ከጎማው ኋላ የነበረ ከሆነ በቦታው ከባድ ዕቃ አይጫኑ፤ አንድ ባለ20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ክብደቱ ኤሲውን ያህላል። ሁለት ከሆኑ ጭነቱ ከኋላ ያመዝናል፤ ከኋላ ያመዘነ ተጎታች ደግሞ በእንጦጦ ቁልቁለት ላይ መኪናውን ግራና ቀኝ ያወዛውዘዋል። በመጎተቻው ጫፍ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከተጎታቹ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት፤ ይህም አነስተኛ በሆነ ተጎታች ላይ ጫፉን በሰው መመዘኛ ሚዛን ላይ በማሳረፍ ሊለካ ይችላል።

የወጣውን ኤሲ ለቁራሌው አይስጡት። መዳቡን ለማግኘት ሲሰባበር ጋዙ ይወጣል፤ በአሮጌዎቹ ውስጥ ያለው አር-22 የኦዞንን ሽፋን የሚጎዳ ነው፣ በኋለኞቹ ውስጥ ያለው አር-410ኤ ደግሞ ሙቀትን በመያዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 2,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። የሚሠራ ከሆነ ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣ አቧራ እንዳይገባው ተሸፍኖ ይቀመጥና እንደ አዋሽ ወይም ድሬዳዋ ላለ ሞቃት አገር ሰው ይሸጥ። የቮልቱን መጠን በትልቁ ጽፈው ከኬብሉ ጫፍ ላይ ያስሩለት፤ በመንገድ ላይ ተጋድሞ ከሄደም ከመበራቱ በፊት ዘይቱ ወደ ኮምፕረሰሩ (ጋዙን ወደሚጨምቀው ክፍል) እንዲመለስ ቢያንስ አንድ ቀን ቀጥ ብሎ መቆም እንዳለበት ለገዢው ይንገሩት።