የማማ ላይ ማሰራጫ ሲመረጥ ከፍጥነቱ በፊት ጫጫታው ይታይ

አነስተኛ የኢንተርኔት አገልግሎት የምትጀምሩ ባለሙያዎች፣ የ5 ጊጋኸርዝ ገመድ አልባ ማሰራጫ ስትመርጡ በካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ፍጥነት ይልቅ፣ አንቴናው ከጎንና ከኋላ የሚመጣን ያልተፈለገ ሞገድ (ጫጫታ) ምን ያህል እንደሚከላከል አስቀድማችሁ እንድትመለከቱ አጥብቄ እመክራለሁ። የቻናሉን (ማሰራጫው የሚጠቀምበትን የሞገድ መስመር) ስፋት ከ20 ወደ 40 ሜጋኸርዝ ማሳደግ ፍጥነቱን በእጥፍ የሚጨምር ቢመስልም፣ ተቀባዩ የሚሰማው ጫጫታም በ3 ዴሲቤል (በእጥፍ ገደማ) ስለሚጨምር፣ በተጨናነቀ አካባቢ በተለይ ራቅ ብለው የሚገኙት ደንበኞች ግንኙነት ይዋዥቃል፤ ስለዚህ በ20 ጀምራችሁ፣ አብዛኛው ሰው ኢንተርኔት በሚጠቀምበት የምሽት ሰዓት ስፔክትረሙን (በአካባቢው የትኞቹ ሞገዶች እንደተያዙ) ከፈተሻችሁ በኋላ ብቻ አስፉት።

በአንድ ማማ ላይ በርካታ ሴክተር አንቴናዎችን (እያንዳንዳቸው አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሸፍኑ) የምትሰቅሉ ከሆነ፣ ዋጋቸው ቢወደድም በጂፒኤስ ሰዓት ተናብበው በአንድ ጊዜ የሚልኩና በአንድ ጊዜ የሚቀበሉ መሣሪያዎችን ምረጡ፤ ያለበለዚያ አንዱ በሚልክበት ቅጽበት አጠገቡ ያለው የደንበኛውን ደካማ ሲግናል መስማት ይሳነዋል።

ማማውና የደንበኛው ጣሪያ በዐይን መተያየታቸው ብቻውን በቂ አይደለም። በ5.8 ጊጋኸርዝ በ5 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የፍሬኔል ክልሉ (በሁለቱ አንቴናዎች መካከል ሞገዱ የሚጓዝበት፣ መሃሉ ሰፋ ያለ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ቦታ) መካከል ላይ 8 ሜትር ያህል ራዲየስ ስላለው፣ ቢያንስ 60 በመቶው፣ ማለትም ወደ 5 ሜትር የሚጠጋው፣ ከዛፍና ከሕንፃ ነፃ መሆን ይኖርበታል።