መሪ ላይ ሆኖ ጥድፊያን መግራት

መንዳት የማስተምራቸው ሰዎች አብዛኞቹ የሚፈሩት ዳገት ላይ መነሳትንና ወደ ኋላ መንዳትን ነው። እኔ የምሰጋላቸው ግን መንጃ ፈቃድ ካወጡ በኋላ ነው፤ ብቻቸውን ሆነው፣ ረፍዶባቸው፣ ከፊት ያለው መኪና ሲንቀራፈፍባቸው። ማርሽ ይለመዳል። መጠበቅን ግን ብዙ ሹፌር ሳይማረው መንገድ ላይ ይወጣል።

ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ጀምሩ። ከረፈደባችሁ ለሚጠብቃችሁ ሰው ያኔውኑ ደውላችሁ «እዘገያለሁ» በሉት፤ የነገረ ሰው ተረጋግቶ ይነዳል። ከዚያ ሂሳቡን አስሉ። የ10 ኪሎ ሜትር መንገድ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከተነዳ 10 ደቂቃ ይፈጃል፤ በ70 ከተነዳ ስምንት ደቂቃ ተኩል ገደማ። ትርፉ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው፣ ያውም አንድም መብራት ካልያዛችሁ። በአንጻሩ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ የመድረስ ዕድሉ በ4 በመቶ ይጨምራል።

አሁን ወደ ደርቦ መቅደም ልምጣ፤ ከሁሉም የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና በ60 ይሄዳል እንበል፣ እናንተ በ80 ልትቀድሙት ነው። የምትበልጡት በሰከንድ 5 ሜትር ተኩል ብቻ ነው። ከኋላው የምትወጡበትን ክፍተት፣ የእሱንና የእናንተን ርዝመት፣ ከፊቱ የምትገቡበትን ቦታ ስትደምሩ ወደ 60 ሜትር ይመጣል። ይህን ለመጨረስ 11 ሰከንድ ያህል ያስፈልጋል። በ11 ሰከንድ እናንተ 240 ሜትር ትሄዳላችሁ፤ ከፊት የሚመጣውም በ80 ከሆነ እሱም 240 ሜትር ይመጣል። ስለዚህ ግማሽ ኪሎ ሜትር ባዶ መንገድ ጥርት ብሎ ካልታያችሁ አትውጡ። ኩርባ ላይና የዳገት አናት አቅራቢያ ይህን ያህል አይታይም፤ እዚያ ነገሩ ያለቀለት ነው፣ አይቀደምም።

የቸኮለ ሹፌር ዕድሉን ላለማጣት የጭነት መኪናው ጀርባ ላይ ይለጠፋል። በዚህም የጭነት መኪናው መንገዱን ይጋርድበታል። ወደ ኋላ ቀረት በሉ፣ ብዙ ይታያችኋል። ሌላ መኪና ሲቀድም አይታችሁም ተከትላችሁት አትውጡ፤ መንገዱን ያየው እሱ ነው፣ እናንተ ያያችሁት የእሱን ጀርባ ብቻ ነው። ወጥታችሁ ከተጠራጠራችሁ ፍሬን ይዛችሁ ወደነበራችሁበት ተመለሱ። ተቀዳሚው እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ ነዳጅ አትጨምሩ፤ እግራችሁን አንሱና አስገቡት። እልህ የተጋቡ ሁለት ሹፌሮች ዋጋውን የሚያስከፍሉት ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ላይ ነው።

ርቀታችሁን በሰከንድ ለኩ። የፊቱ መኪና አንድ ምሰሶ ሲያልፍ መቁጠር ጀምሩ፤ እናንተ እዚያ ስትደርሱ ቢያንስ ሁለት ሰከንድ ይሙላ፣ በዝናብ አራት። «ክፍተት ከተውኩ ሌላው ይገባብኛል» ይሉኛል። ይግባ! የገባው መኪና የሚወስድባችሁ ሁለት ሰከንድ ነው። ደግሞ ተጠግቶ መንዳት መንገዱን ያዘጋል እንጂ አይከፍትም። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ሙከራ 22 መኪኖችን 230 ሜትር በሆነ ክብ መንገድ ላይ በእኩል ፍጥነት እንዲዞሩ አደረጉ። ምንም እንቅፋት ሳይኖር፣ አንዱ ትንሽ ሲያዘገይ የኋላው የበለጠ እያዘገየ፣ በመጨረሻ ቆመው የሚነሱ መኪኖች ተፈጠሩ።

ዜብራ ላይ አንድ መኪና ከቆመ ለምን እንደቆመ ባይታያችሁም ቁሙ። ከቦኔቱ ፊት ያለው ሕፃን ሊሆን ይችላል፤ ቁመቱ ከዚያ አይበልጥም። በዚህ ጊዜ ጡሩምባ መንፋትን ተማሪዎቼን ፈጽሞ እከለክላለሁ፤ የቆመውን ሹፌር ያስነሳዋል፣ እግረኛውን ያስደነግጠዋል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉትም ከሞት ምክንያቶች ሁሉ ቀዳሚው ይኸው ነው። በገንዘብ ሲታይ አብዛኞቹ አገሮች ከጠቅላላ ምርታቸው 3 በመቶ ያህሉን በዚህ ያጣሉ። ግጭት ባይደርስም እየረገጡ እየያዙ መንዳት ነዳጅ ይበላል፣ የፍሬን ሸራና ጎማ ይጨርሳል።

ትዕግሥትን ለማስለመድ ተማሪዎቼን ሆን ብዬ ቀርፋፋ መኪና ተከትለው እንዲነዱ አደርጋለሁ፤ መንገዱ ቢከፈትም አትቅደሙ እላለሁ። እጃቸው መሪውን ጨምድዶ ሲይዝ፣ ደረታቸው ወደ ፊት ሲያዘነብል፣ ሲያጉረመርሙ አያለሁ። እናንተም በእነዚህ ራሳችሁን ዕወቁ። ሲመጡባችሁ ጀርባችሁን ወንበሩ ላይ አስደግፉ፣ እጃችሁን አላሉ፣ እግራችሁን ከነዳጁ ጥቂት አንሱ። ከኋላ የሚያጣድፋችሁ ካለ ፍጥነት ጨምራችሁ አትሽሹት፤ አመቺ ቦታ ስታገኙ ፍሬቻ አሳይታችሁ ጠርዝ ያዙና አሳልፉት።

ተሳፋሪ ከሆናችሁም ዝም አትበሉ። «ቀስ በል!» የሚል ጩኸት የተናደደን ሹፌር ይብስ ያናድደዋል። «እኔ አልቸኩልም፣ ተረጋግተህ ንዳ» በሉት። ካልሰማ ደህና ቦታ እንዲያቆም ጠይቃችሁ ውረዱ፤ የከፈላችሁት ሒሳብ ይቅር።