የአኳሪየም ፊልተር ስታጥቡ አሳዎቹን እንዳትጨርሷቸው

ፊልተር አጠባ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቆሻሻ በመተው አይደለም፣ ከልክ በላይ በማጽዳት ነው። ስፖንጁን ቧንቧ ስር ይዞ አዲስ እስኪመስል ያሸዋል፣ አንዳንዱ ጭራሽ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ ያረግበታል፣ ከዛ ከ2 ከ3 ቀን በኋላ አሳዎቹ ላይ ወጥተው አየር ሲቃሙ "ውሃው እኮ ኩልል ያለ ነው ምን ሆነው ነው" ይላል። ኩልል ያለ ውሃ አሞኒያ ሞልቶትም ኩልል ይላል፣ በአይን አይታይማ።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ስፖንጁና ሴራሚኩ (ፊልተሩ ውስጥ ያሉት ባለ ቀዳዳ የሸክላ ቁራጮች) ላይ ተለጥፈው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ፣ ከአሳውና ከተረፈው ምግብ የሚወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት ከዛ ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት እነሱ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አሳ ይገድላሉ፣ ናይትሬት ግን ካልበዛ ብዙም አይጎዳም፣ ውሃ ስትቀይሩ አብሮ ይወጣል። የቧንቧ ውሃ ላይ ያለው ክሎሪን ደሞ የሚጨመረው ባክቴሪያ እንዲገድል ነው፣ የናንተን ለይቶ አይምርላችሁም።

ስለዚህ አጠባውን ውሃ ከምትቀይሩበት ቀን ጋር አገናኙት። መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ፊልተሩንም ሂተሩንም። ከዛ ከአኳሪየሙ የቀዳችሁትን ውሃ ባልዲ ውስጥ አድርጉ፣ ባልዲው ሳሙና ነክቶት የማያውቅ ለአሳ ብቻ የተለየ ይሁን፣ ልብስ የታጠበበት ባልዲ የቱንም ያህል ቢለቀለቅ አላምነውም። ስፖንጁን እዛ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ጨመቅ ለቀቅ አድርጉት፣ የጭቃ ውሃ የመሰለ ነገር ይወጣል፣ ጥሩ ነው ይውጣ። መቼ ነው የሚበቃው? ስፖንጁ ስትጨምቁት እንደ ልቡ ውሃ ሲያስወጣና ሲያስገባ በቃው፣ ቡናማ መልኩ ባይለቅ አትጨነቁ እንደውም እንዲለቅ አንፈልግም። አሽትቱትም፣ ደህና ስፖንጅ የእርጥብ አፈር ሽታ ነው ያለው፣ የተበላሸ እንቁላል ከሸተታችሁ ግን ውስጡ ኦክስጅን አጥቷል ማለት ነው ስለዚህ ከወትሮው ቶሎ ቶሎ መጨመቅ ሊኖርባችሁ ነው።

ሴራሚኩን ከነመረቡ እዛው ባልዲ ውስጥ ወዝወዝ አድርጋችሁ አውጡት፣ ማሸት ምናምን የለም። ነጩ ጥጥ ይጣል፣ አይታጠብም። ካርበንም (ውሃ የሚያጣራው ጥቁር ከሰል) ታጥቦ አይታደስም፣ ከሞላ ሞላ ነው በአዲስ ይቀየራል (አዲሱን ጥቁር አቧራው እስኪለቅ አለቅልቁት)።

እና ሁሉንም በአንድ ቀን እንዳትነኩ! ሁለት ስፖንጅ ካለ ዛሬ አንዱን፣ ሌላውን ከ2 ከ3 ሳምንት በኋላ። ካርትሪጅ (ማጣሪያው ተገጣጥሞ የሚሸጥበት ተቀያሪ ክፍል) ካላችሁ ማሸጊያው ላይ በየወሩ ቀይሩ የሚለውንም እንዳለ አትቀበሉት፣ ሻጭ ነው የጻፈው፣ ሲያረጅ አዲሱን ከአሮጌው ጎን አስገብታችሁ ለጥቂት ሳምንት አብረው ይሰሩና ነው አሮጌው የሚወጣው።

አሁን ወደ ኬሚካሉ። ሳሙና በፍጹም፣ ስፖንጅ ቀዳዳው ውስጥ ይይዘውና ቀስ እያለ ይለቀዋል፣ የአሳን ስንጥብ (የሚተነፍስበትን) ይጎዳል። በረኪና የሚያስፈልገው አሳ በበሽታ አልቆ ወይ ያገለገለ ፊልተር ገዝታችሁ ከሆነ ብቻ ነው፣ እሱም ሽቶም ሳሙናም የሌለበት፣ 1 እጅ በረኪና ለ20 እጅ ውሃ፣ ለ15 ደቂቃ ያህል። ፕላስቲኩና ስፖንጁ ይችሉታል፣ ሴራሚክ ግን ቀዳዳው ረቂቅ ስለሆነ ውስጡ የገባው መቼ ተሟጦ እንደሚወጣ ማን ያውቃል፣ እኔ ብሆን ጥዬ አዲስ ነው የምገዛው። ከዛ ውሃ እየቀያየራችሁ ደጋግማችሁ አለቅልቁ፣ ክሎሪን ማጥፊያ ከተለመደው ጨመር አድርጋችሁ የበጠበጣችሁበት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ አውጥታችሁ አየር ላይ ድርቅ ይበል፣ ደርቆም በረኪና በረኪና የሚል ከሆነ ከማለቅለቁ እንደገና ትጀምራላችሁ። ይሄ ሁሉ ሲያልቅ እቃው ንጹህ ነው ግን ባክቴሪያ አልባ ነው፣ ገና እንደተገዛ ፊልተር ቁጠሩት።

ፕላስቲኩ ላይ የተጋገረ ነጭ ነገር ካለ እሱ የውሃው ካልሲየም ነው፣ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅላችሁ ብትዘፈዝፉት ይለቃል፣ በደንብ አለቅልቁት በቃ። አቼቶና በረኪና ግን አንድ ላይ እንዳይገናኙ፣ ክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው፣ እዚህ ላይ የሚጎዳው አሳው ሳይሆን እናንተ ናችሁ።

አጠባው ቶሎ ይለቅ። ስፖንጁና ሴራሚኩ ውጪ ላይ እንዳይደርቁ ባልዲው ውሃ ውስጥ ይቆዩ፣ በተለይ ተዘግቶ የሚሰራው የውጪ ፊልተር ውሃ እንደያዘ ለብዙ ሰአት ከጠፋ ውስጡ ያለው ውሃ ይበላሻል፣ ሳትደፉት መልሳችሁ እንዳታበሩት። ከታጠበ በኋላ ለ1 ለ2 ቀን ምግብ ቀነስ አድርጉ፣ አሞኒያና ናይትራይት ለኩ፣ ሁለቱም 0 መሆን አለባቸው፣ ካልሆኑ ክሎሪኑ በጠፋ ውሃ ከፊሉን ቀይሩ። መጀመሪያ ላይ ውሃው ደፍረስ ካለ እሱ ብናኝ ነው ፊልተሩ ራሱ ይሰበስበዋል።

ስንት ጊዜ ይታጠብ ለሚለው ቀን አልሰጣችሁም፣ የሚወጣው ውሃ ጉልበቱ ሲቀንስ ነው። ታጥቦም ጉልበቱ ካልተመለሰ ስፖንጁን ተዉትና ሞተሩን ክፈቱት፣ የምትሽከረከረዋ ትንሿ ፕሮፔለር ላይ ዝልግልግ ነገርና የተክል ቁራጭ ተጠምጥሞ ታገኛላችሁ፣ ፕሮፔለሯ የምትገባበትን ቀዳዳ የጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ ጥርግ ያደርገዋል።